ግራ የገባት ከአዘዞ፦ "ባዮሜዲካል ልግባ ወይስ ኤሌክትሪካል?"

ሰላም እህትየ፣ እንዴት ነሽ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ረጅም ነው ግን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች እንዲገባቸው ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠውና ወደ መልሱ እንገባለን። ልጅቷ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን እየጨረሰች ነው፣ ኢንጂነሪንግ መግባቷን ወስናለች፣ ውጤቷም ጥሩ ነው፣ የቀረው የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም መሙላት ነው። አባቷ "ኤሌክትሪካል ግቢ፣ መብራት ባለበት ሁሉ ስራ አለ" ይሏታል። የአክስቷ ልጅ ደግሞ ባዮሜዲካል፣ ማለት የህክምና መሳሪያ ምህንድስና፣ ተመርቆ ሆስፒታል ገብቷልና "እኛ ጋ ውድድር የለም፣ ኤሌክትሪካል የጨረሱት ስንቶቹ ቤት ቁጭ ብለዋል" ይላታል። እሷ ራሷ አያቷን ስታስታምም ሆስፒታል ሰነባብታለች፣ እዛ ያየቻቸው ማሽኖች ልቧን ወስደውታል። ከደብዳቤው አንድ ነገር እንዳለ ልጥቀስ፦ "ጋሼ፣ ጠባቡን ብመርጥ በሩ የሚቆለፍብኝ ይመስለኛል፣ ሰፊውን ብመርጥ ደግሞ ከሺው አንዷ ሆኘ ልቀር ነው፣ እባክዎ ዝም ብለው አንዱን ይበሉኝ።" ጠባቡ ያለችው ባዮሜዲካልን ነው፣ ሰፊው ኤሌክትሪካልን።

እሽ እላለሁ፣ ዳር ዳር አልልም። ኤሌክትሪካልን አንደኛ፣ ባዮሜዲካልን ሁለተኛ አርገሽ ሙይ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ፣ ምክንያቴ ካንቺ ሁኔታ ጋር ካልገጠመ ቅደም ተከተሉን ገልብጭው፣ መቼ መገልበጥ እንዳለብሽም እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ አባትሽም የአክስትሽ ልጅም አልዋሹሽም። ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል፣ ሲቪል የጨረሰ ልጅ በዝቷል፣ ይሄ የታወቀ ነው። መንግስት ከ2001 አካባቢ ጀምሮ 70 በ30 በሚባለው ምደባ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲያስገባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ ኢንጂነሪንግ ከፈቱ፣ ተመራቂው ከፋብሪካው በላይ ሆነ፣ ስለዚህ "ከሺው አንዷ" ያልሽው ፍርሀት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን "ውድድር የለም" የሚለውን ነገር ቆም ብለሽ እይው። ተወዳዳሪው ያነሰው ቦታውም ስላነሰ ነው ኮ። አንድ ሆስፒታል ስንት የባዮሜዲካል መደብ ይኖረዋል ብለሽ ነው? በጣት የሚቆጠር ነው፣ ትልቁ ሆስፒታል እንኳ ቢሆን። ከሆስፒታል ውጭ ጤና ቢሮ አለ፣ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አለ፣ ማሽን የሚያስመጡ የግል ድርጅቶች አሉ፣ እነሱ ደግሞ በብዛት አዲስ አበባ ናቸው። የአክስትሽ ልጅ የገባበት መደብ አሁን ተይዟል፣ የያዘው ራሱ ነው። አንቺ ከአራት ዓመት በኋላ ስትመረቂ እዛው ጎንደር ላይ ስንት አዲስ መደብ ይከፈታል የሚለውን ነው መጠየቅ ያለብሽ፣ ይሄን እሱም አያውቀውም።

የስራ ማስታወቂያ አንብበሽ ታውቂያለሽ? አሁን ስራ እየፈለግሽ ስላልሆነ አላነበብሽም ይሆናል፣ ግን ለምርጫሽ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ የስራ ማስታወቂያ ቻናል ሞልቷል፣ ሁለት ሶስቱን ተቀላቀይና ለሁለት ሳምንት ያህል ኢንጂነር የሚሉትን ብቻ እያወጣሽ ደብተር ላይ ጻፊ። "ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ" የሚለው ጋ ምን እንዳለ እይ። "በኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ተዛማጅ" ይላል፣ ወይ "ኤሌክትሪካል፣ ኤሌክትሮ ሜካኒካል፣ ሜካኒካል" ብሎ ይዘረዝራል። ባዮሜዲካል ያለው ስታገኚ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዮሜዲካል ብቻ ይላል፣ አንዳንዱ ግን ኤሌክትሪካልንም ይቀበላል። በተገላቢጦሽስ? ባዮሜዲካል የተመረቀ ልጅ የፋብሪካ ወይ የሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) ማስታወቂያ ላይ "ተዛማጅ ነኝ" ብሎ ሲመዘገብ መዝጋቢው ዲግሪውን አይቶ ይመልሰዋል፣ በተለይ መንግስት መስሪያ ቤት ከሆነ ሰራተኛው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ስም ነው የሚያየው፣ ምን ኮርስ ወሰድክ ብሎ ትራንስክሪፕት የሚያገላብጥልሽ የለም። እዚህ አገር የዲፓርትመንት ስም ማለት ያ ነው፣ መመዝገቢያው መስኮት ላይ የሚያሳልፍሽ ወይ የሚመልስሽ ወረቀት። ይሄን ብዙ ልጅ ከተመረቀ በኋላ ነው የሚያውቀው፣ ያናድደኛል፣ ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት የሚነግረው ስለሌለ። "0 ዓመት" የሚሉትንም ለይተሽ ቁጠሪ፣ አዲስ ተመራቂ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ፣ አንቺ የወደድሽው እሱን ነውና።

አንድ የባቼ ልጅ አለ፣ አብረን ኤሌክትሪካል ነው የተመረቅነው፣ እኔ ፋብሪካ ጥገና ገባሁ እሱ ዞሮ ዞሮ የህክምና መሳሪያ ጥገና ላይ ነው ያለው። ወርክሾፑ ሄጄ ሲሰራ አይቸዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነበር፣ አያትሽ አጠገብ ሳታይው አትቀሪም፣ ጎማ ያለው፣ ሲሰራ እየቆየ ፍስስ የሚል ሳጥን። ስራው እንዲህ ነው፦ ከክፍሉ አየር ይስባል፣ አየር ውስጥ 21 ፐርሰንት አካባቢ ነው ኦክስጅን ያለው ሌላው ባብዛኛው ናይትሮጅን ነው፣ ኮምፕረሰሩ አየሩን ያምቀውና ዜኦላይት የሚባል ጠጠር በተሞሉ ሁለት ሲሊንደሮች በየተራ ያሳልፈዋል፣ ዜኦላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ አልፎ ወደ በሽተኛው የሚሄደው 90 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ኦክስጅን ነው። ያ ፍስስ የሚለው ድምጽ አንዱ ሲሊንደር የያዘውን ናይትሮጅን ሲተፋ ነው። የመጣው ማሽን ይነሳል፣ አየርም ይሰጣል፣ ግን ማስጠንቀቂያው መብራት አልጠፋም አለ፣ በመለኪያ ሲታይ ኦክስጅኑ በጣም ወርዷል። ማለት በሽተኛው አፍንጫ ላይ ቱቦ ተደርጎለታል፣ ቤተሰብ አየር እየሄደለት ነው ብሎ ተረጋግቷል፣ የሚሄደው ግን ከክፍሉ አየር ብዙም ያልተሻለ ነገር ነው።

ልጁ መጀመሪያ ያየው የአየር ማጣሪያውን ነው፣ አቧራ ከደፈነው ኮምፕረሰሩ ይግላል። ንጹህ ነው። ከዛ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ፍስስታው በየተራ አይመጣም፣ አንድ ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ አየሩን ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው የሚያዞረው ሶሌኖይድ ቫልቭ አልተገላበጠም ማለት ነው። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጥቶ ኮይሉን፣ ማለት ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰውን ጥቅል ሽቦ፣ ለካ፣ ኮይሉ ደህና ነው፣ ቮልቴጅ ግን አይደርሰውም። ወደ ቦርዱ ሲመለስ ቫልቩን የሚያዘው ትራንዚስተር ተቃጥሏል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሆናል የፈጀው አለ፣ ቀየረው፣ ሲሊንደሮቹ መገላበጥ ጀመሩ፣ ከዛ ግን ወዲያው አልመለሰውም፣ በመለኪያ ረዘም ላለ ጊዜ ንጽህናውን እየለካ አቆየው።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩልሽ አንድ ነገር እንድታይ ነው። እዛ ስራ ውስጥ ኮምፕረሰር አለ፣ እሱ ሜካኒካል ነው። ዜኦላይት ኬሚስትሪ ነው። ቫልቭ፣ ቦርድ፣ ትራንዚስተር ኤሌክትሪካል ነው። ስንት ፐርሰንት ሲሆን ለበሽተኛ አይበቃም፣ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሂድ፣ ማሽኑ ከጥገና ሲመለስ እንዴት ይረጋገጥ የሚለው ደግሞ ባዮሜዲካሉ የራሱ እውቀት ነው፣ ይሄን ቀላል አርጌ እንዳላይብሽ፣ የባቼ ልጅ ይሄን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ተምረው የመጡት ልጆች ሀኪሙ ሲናገር ወዲያው ይገባቸዋል እሱ ግን መጠየቅ ነበረበት። ቢሆንም ብልሽቱን ያገኘው በሰርኪውትና በኤሌክትሮኒክስ እውቀቱ ነው። ያው እውቀት ማታ እኔ ፋብሪካ ላይ ይሰራል። የጠርሙስ መስመር ላይ ሞተር እየደጋገመ ይቆምብናል፣ ፓነሉን ከፍተን ኦቨርሎዱን፣ ሞተሩ ሲከብደው የሚያጠፋውን መከላከያ፣ እናያለን፣ የሶስቱን ፌዝ ከረንት እንለካለን፣ ሶስቱም እኩል ከፍ ካለ ችግሩ ከመብራቱ አይደለም ሞተሩ የሚጎትተው ነገር ከብዶታል፣ ቤሪንጉ ደርቋል ማለት ነው። እዚህም ኤሌክትሪካሉ ሜካኒካሉን መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ጥያቄው የቱ የተሻለ ነው አይደለም፣ የቱን መጀመሪያ ልያዝ፣ የቱን በኋላ ልጨምር ነው። እና ሰፊውን ይዞ ጠባቡን መጨመር ይቀላል። ጠባቡን ይዞ ወደ ሰፊው መመለስ ግን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ መማር ይጠይቃል።

የባቡሩን ነገር አስታውሽ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ስራ ጀመረ፣ የጅቡቲው በ2009 ተመረቀ፣ ያኔ አገሩ ሁሉ ባቡር ባቡር ይል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ባቡሮቹ ስራ ሳይጀምሩ በፊት የባቡር ምህንድስና በማስተርስ ከፍቶ ነበር፣ የሚገቡትም ሲቪል፣ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል የጨረሱ ነበሩ። ከዛ በኋላ ይሰራሉ የተባሉት መስመሮች ሁሉ በታሰበው ፍጥነት አልሄዱም፣ ግን ልጆቹ ከማስተርሱ ስር የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ስላለ ወደ ህንጻውም ወደ ፋብሪካውም ወደ መንገዱም መሄድ ይችሉ ነበር። ቴክስታይልን ደግሞ እይ፣ ባህር ዳር ላይ ስንት ጎበዝ ልጅ የሚማረው ጥሩ ትምህርት ነው፣ ግን በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለት ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ ስታስወጣ ኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ውስጥ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች ሲቀንሱና ሲወጡ፣ ዲግሪው ላይ ቴክስታይል የሚል የተጻፈበት ልጅ ጎረቤት ፋብሪካ ሄዶ "ሞተር እጠግናለሁ" ቢል ማን ይሰማዋል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ዋሽንግተን ላይ የተወሰነ ነገር ነው ስራውን የነካው።

በሌላ በኩል እዚሁ ጎረቤታችን ባህር ዳር ማሪታይም አካዳሚው ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል የጨረሱትን ወስዶ በወራት ስልጠና የመርከብ ኢንጂነር ያደርጋቸዋል፣ ባህር አይተው የማያውቁ ልጆች መርከብ ላይ ይወጣሉ ክፍያውም በዶላር ነው። ግቢ አልልሽም፣ ሰፊ ዲግሪ ምን አይነት በር እንደሚያስከፍት ለማሳየት ነው። ጎንደር ላይ ራሱ ቁጠሪ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ብቅል ፋብሪካው፣ የውሃ ፓምፖቹ፣ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ቴሌ፣ ኤርፖርቱ፣ ከዛ ሆስፒታሉም። የህዳሴ ግድብም በጳጉሜ 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋዋት ነው አቅሙ፣ ያን ኃይል ተሸክሞ ከተማና ገጠር የሚያደርስ መስመርና ሰብስቴሽን ግን ገና ብዙ ይቀረዋል፣ እሱ የአንቺ ትውልድ ስራ ነው።

"ሰፊው ላይ ከሺው አንዷ እሆናለሁ" ላልሽው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይነግርሽ ነገር አለ። ኤሌክትሪካል ውስጥ ራሱ ወደ መጨረሻው ስትሪም ትመርጫለሽ፣ ፓወር፣ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮምፒውተር እያለ ይለያል፣ ሜካኒካልም ዲዛይን ተርማል ማኑፋክቸሪንግ ይላል። ማለት መለየቱ ይቀርልሻል እንዳይመስልሽ፣ አሁን በፍሬሽማን እውቀት ከመለየት ሰርኪውትና ኤሌክትሮኒክስ ምን እንደሆኑ ካየሽ በኋላ ትለያለሽ። ከዛ ኢንተርንሺፕሽን ሆስፒታል ጥገና ክፍል አርጊው፣ አብዛኛው ልጅ ፋብሪካና ቴሌ ስለሚሻማ እዛ ቦታ ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንም የህክምና መሳሪያ ላይ አርጊው፣ የልብ ምት የሚለካ ነገር ስሪ፣ የኦክስጅን መለኪያ ስሪ። ስትመረቂ ወረቀትሽ ኤሌክትሪካል ይላል እጅሽ ግን የህክምና መሳሪያ ያውቃል፣ ማስተርስ ባዮሜዲካል ልማር ካልሽም ኤሌክትሪካል የጨረሱ ልጆችን ይቀበላሉ። ከሺው መሀል የምትለይው እንደዛ ነው። የሚጠፉት ሰፊውን ገብተው አምስት ዓመት ሙሉ ምንም ነገር ላይ እጃቸውን ሳያሳርፉ ሃንድአውት ብቻ አጥንተው የወጡት ናቸው፣ እነሱ ጠባቡም ቢገቡ ያው ነበሩ።

አሁን መቼ ትገለብጭዋለሽ? ፎርሙ ሳይደርስ አንድ ቀን የአክስትሽን ልጅ "ስራ ቦታህ ውሰደኝ" በይው። ዋርዱን አይደለም፣ ዋርዱን አያትሽን ስታስታምሚ አይተሽዋል። ወርክሾፑን እይ፣ ስፔር እስኪመጣ የሚጠብቁ ማሽኖች የተደረደሩበትን፣ አውቶክሌቭ፣ ማለት የህክምና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን፣ የክዳኑ ጎማ (ጋስኬቱ) አልቆ እንፋሎት የሚያፈሰውን፣ ማኑዋል ጠፍቶ ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ የሚዋልበትን። ግማሽ ቀን ዋይበት። ሲደክምሽ "ቆይ ይሄን ደግሞ ክፈተው ልየው" የምትይ ከሆነ፣ እና ደግሞ ከሆስፒታል ውጭ ሌላ ቦታ ራስሽን ስታስቢ ምንም ካልመጣልሽ፣ እሽ፣ ባዮሜዲካልን አንደኛ አርጊ፣ እኔም ከልቤ ደስ ይለኛል። ከጠባብ ትምህርት ሁሉ ባዮሜዲካል የተሻለ መሰረት ያለው ነው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሰርኪውት ኤሌክትሮኒክስ ሲግናል ከኤሌክትሪካል ልጆች ጋር የሚመሳሰል ነው የምትማሪው። ጎንደር ላይ መማሩም ያግዝሻል፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1940ዎቹ የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው፣ ትልቁ ሆስፒታል የራሱ ነው፣ ከክላስ ወጥተሽ ማሽኑን በአይንሽ ማየት ትችያለሽ፣ ይሄ በሁሉም ግቢ የለም።

ግን ልብሽን የወሰደው ሆስፒታሉ ከሆነ፣ ማለት ሰው መርዳቱ፣ አያትሽን ያስታመምሽበት ስሜት ከሆነ፣ እሱን ከማሽኑ ለይው። ባዮሜዲካል ኢንጂነር ውሎው ከበሽተኛ ጋር አይደለም፣ ከተበላሸ ማሽንና ከግዥ ክፍል ጋር ነው። በሽተኛውን ማየት ከፈለግሽ ያ ሌላ ትምህርት ነው፣ ይሄን አሁን ማወቁ ይሻላል።

ስለ ምደባው አንድ ነገር። ምርጫሽን መሙላትሽ ብቻ አያስገባሽም፣ በውጤት ነው የሚደለደለው፣ ስለዚህ ሁለተኛና ሶስተኛውን ዝም ብለሽ እንዳትሞይ፣ ልጆች አንደኛውን አስበው ሌላውን በዘፈቀደ ይሞላሉ ከዛ ሶስተኛው ደርሷቸው ያለቅሳሉ። ሶስተኛ ሜካኒካልን አርጊ። አባትሽ "ሴት ልጅ ግሪስ በግሪስ" እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል፣ አክብረሽ ስሚያቸው ግን በዛ ምክንያት አትተይው፣ እኛ ጋ ጥገና ላይ ሴቶች አሉ፣ ጎበዞች ናቸው። ሬጅስትራር ሄደሽም ምደባው ምን ምን እንደሚይዝ፣ ለሴቶች የሚደረግ ድጋፍ ካለም በግልጽ ጠይቂ። የመውጫ ፈተናውንም አስቢው፣ ከ2015 ጀምሮ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ የሚፈተነው የዲፓርትመንቱ ዋና ዋና ኮርሶች ስለሆነ ሁለቱንም ዲፓርትመንት ሄደሽ የኮርስ ዝርዝር ጠይቂና ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እይው፣ የትኛውን ስታነቢ እንደምትሰለቺ ያኔ ይታወቅሻል። አራተኛ ዓመት የደረሱትንም አናግሪ፣ ሁለተኛ ዓመቶቹ ገና አዲስ ስለሆኑ ሁሉ ነገር ያምራቸዋል።

እና ክረምቱ ዝም ብሎ አይለፍሽ። አራዳ ወይ ፒያሳ አካባቢ ሬድዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግኑት አንዱ ጋ ቁጭ በይ፣ ቤተሰብ የሚያውቀው ሰው ይኖራል። መልቲሜትር አያያዝ፣ ብየዳ ማለቴ በካውያ ትንንሽ ነገር መበየድ፣ የተቃጠለ ነገር በአይንና በማሽተት መለየት ልመጅ። ሁለቱም ዲፓርትመንት ይሄን ይፈልጋል፣ ሁለቱም ግን ከሁለተኛ ዓመት በፊት አያስተምርሽም። የሁለት ሳምንቱን የስራ ማስታወቂያ ስትጨርሺ ደብተሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ፎርሙን ከማስገባትሽ በፊት አብረን እናየዋለን። አያትሽን ሰላም በይልኝ።